ድመት፣ ጎተራና ጥርስ፦ የአመጋገብ ለውጥ ታሪክ በአንዲት የቤት እንስሳ አፍ ውስጥ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ከታሪክ ሰው ይልቅ ለእንስሳት ሐኪም የሚገባ ሊመስል ይችላል። የታሪክ መምህር ስለ ድመት ጥርስ ምን አገባው? መልሴ አጭር ነው። እኛ የምንመረምራቸው ጽሑፎች የነገሥታቱን ግብር፣ የመኳንንቱን ማዕድ፣ የጾሙንና የፍስኩን ሥርዓት ይነግሩናል፤ ከመሶቡ ሥር የወደቀውን ግን አይነግሩንም። ከመሶቡ ሥር የወደቀውን የበላ ፍጡር ግን አለ፤ የበላውም ነገር በአፉ ውስጥ ምልክት ይተዋል። ጥርስ ከአካል ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው ስለ ሆነ ሥጋው ከጠፋና አጥንቱ ከፈረሰ በኋላም ይቆያል። ስለዚህ ሰነድ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰነድ ደግሞ በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል።

ላስረዳችሁ የምሞክረው ነገር ይህ ነው። ድመት ወደ ሰው ቤት የመጣችው እህሉን ለመብላት አልነበረም፤ እህሉን የሚበላውን ለመብላት ነበር። ለብዙ ሺህ ዓመታት በጎተራው አጠገብ እየኖረች ሥጋ በል እንደ ሆነች ቆየች። ባለፉት መቶ ዓመታት ገደማ ግን እህሉ ራሱ ወደ ሳህኗ ገባ፤ በውጭው ዓለም በፋብሪካ ከረጢት፣ በእኛ አገር ደግሞ በእንጀራ ፍትፍት። ይህ ለውጥ ጥርሷን ምን አደረገው? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው «ድሮ አይጥ እያደነች ስትበላ ጥርሷ ጤነኛ ነበር፤ ያበላሸው ዘመናዊ ምግብ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ደረቁ የፋብሪካ ምግብ ጥርሷን ያጸዳዋል» ይላል። የመጀመሪያው የናፍቆት፣ ሁለተኛው የማስታወቂያ ድምፅ ነው። ሁለቱም ከእውነቱ ቁራሽ ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ማስረጃውን እስከ መጨረሻው አያነቡትም።

ሰነዱን ማወቅ

አንድ ሰነድ ከመነበቡ በፊት በምን ላይ እንደ ተጻፈ መታወቅ አለበት። ያደገች ድመት 30 ጥርሶች አሏት። የፊት ጥርሶቿ ጥቃቅን ናቸው፤ ክራንቻዎቿ ረጃጅምና ሹል ናቸው፤ ከኋላ ያሉት መንጋጋዎቿ እንደ መቀስ ስለት እርስ በርስ ይተላለፋሉ እንጂ እንደ ወፍጮና መጅ አይፈጩም። የታችኛው መንጋጭላዋም ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን እምብዛም አይንቀሳቀስም። የድመት አፍ ለመቁረጥ የተሠራ ነው፤ ለማላመጥ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የዘረ መል ጥናት ደግሞ ጣፋጭን ለመቅመስ ከሚያስፈልጉት ሁለት ዘረ መሎች አንዱ በድመት ወገን ውስጥ ሥራውን እንዳቆመ አሳይቷል። ስኳር ቢቀርብላት ጣዕሙን አታውቀውም።

እዚህ ላይ የሰውና የድመት ታሪክ ይለያያል። ሰው እርሻ ከጀመረና እህልን ዋና ምግቡ ካደረገ በኋላ የጥርስ መቦርቦር እንደ በዛ የጥንት አጽሞች በብዙ ስፍራ ይመሰክራሉ። ድመት ግን በመቦርቦር አትታወቅም። የእሷ መከራ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የድድ በሽታ ነው፦ በጥርሱ ላይ የባክቴሪያ ለምድ ይጋገራል፤ በምራቅ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ያጠነክሩትና እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ድዱ ይቆጣል፣ ይሸሻል፤ በመጨረሻም ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል። ሁለተኛው ለሰሚው እንግዳ የሆነ ሕመም ነው፦ የድመቷ ሰውነት የራሱን ጥርስ ከሥሩ ጀምሮ ያሟሟዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ጤነኛ ከሚመስሉ 228 ድመቶች መካከል 29 በመቶው ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። እንግዲህ በድመት አፍ ውስጥ የምናነበው ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ነው።

ጎተራውና እንግዳዋ

እ.ኤ.አ. በ2004 በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በተባለ ጥንታዊ መንደር የተገኘ መቃብር ይፋ ሆነ። ዕድሜው 9,500 ዓመት ገደማ ነው። ከሰውየው አጽም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃ አንዲት ወጣት ድመት ተቀብራለች። በደሴቲቱ የዱር ድመት በተፈጥሮ ስላልነበረ በጀልባ ያመጣት ሰው መሆን አለበት። በኋላ የተደረጉ የዘረ መል ጥናቶች የቤት ድመት ሁሉ አያት በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ የሚኖረው የዱር ድመት መሆኑን አረጋገጡ። የዚሁ የዱር ድመት ወገን በአገራችንም ይኖራል። ገበሬው እህሉን አከማቸ፤ እህሉ አይጥን ጠራ፤ አይጡ ድመትን ጠራ። ከሌሎች የቤት እንስሳት ይልቅ ድመት ወደ እኛ የመጣችው በራሷ እግርና በራሷ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምሳሌ ስለ ምንጭ አነባበብ ብዙ ስለሚያስተምር ተማሪዎቼ በልዩ ትኩረት እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። በቻይና ችዋንኹጹን በተባለ ስፍራ ዕድሜያቸው 5,300 ዓመት ገደማ የሆነ የድመት አጥንቶች ተገኙ። ተመራማሪዎቹ በአጥንቶቹ ውስጥ ያለውን የካርቦንና የናይትሮጅን ዓይነት ሲመረምሩ ድመቶቹ ማሽላ መሰል እህል የበሉ እንስሳትን ይመገቡ እንደ ነበር ተረዱ። አንደኛዋ ጥርሷ እጅግ ያለቀ አሮጊት ነበረች፤ ሌላዋ ደግሞ ከሚጠበቀው ያነሰ ሥጋና የበለጠ እህል በልታለች። ጥናቱ ሲታተም ድመት በሰው እጅ መመገብ የጀመረችበት ጥንታዊ ማስረጃ ተደርጎ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ሌላ ቡድን መንጋጭላዎቹን በጥንቃቄ ለክቶ የእኛዋ የቤት ድመት ሳይሆኑ በእስያ የሚኖር ሌላ የድመት ዝርያ መሆናቸውን አሳየ። የአመጋገቡ ንባብ ትክክል ነበር፤ የባለቤቷ ማንነት ግን ሌላ ሆነ። ጥርስ ምን እንደ ተበላ በእውነት ይመሰክራል፤ ማን እንደ በላና ለምን እንደ በላ ግን ሌላ ምስክር ይሻል።

በእኛ አገር የጎተራው ሥርዓት ብዙ ሳይለወጥ እስከ ቅርብ ዘመን ደርሷል። በገጠር ቤት ድመት የምትያዘው ጤፉንና ስንዴውን ከአይጥና ከአይጠ መጎጥ እንድትጠብቅ ነው። ቀለቧ ሥራዋ ነበር። ከጠገበች አይጥ አትይዝም የሚለው እምነት በየቤቱ የተለመደ ስለ ሆነ ሆነ ተብሎ አትመገብም፤ ላም ሲታለብ ጠብታ ወተት፣ በግ ሲታረድ ሰው የማይበላው ሳንባ ይወረወርላታል። አይጥን ሙሉውን ስትበላ ሥጋውን ብቻ አትበላም፤ አጥንቱን፣ ጉበቱን፣ ልቡንና ቆዳውን ጭምር ትቆራርጣለች። አጥንቱ ካልሲየም ይሰጣታል፤ ጅማቱና ቆዳው ጥርሷን ይፈትጋል። ስለዚህ የናፍቆቱ መልስ ከእውነቱ ቁራሽ አለው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የመነኮሰችው ድመት

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላሉ አባቶች። ተረቱ የተነገረው ስለ አስመሳይ ሰው ነው፤ ድመቷ ለምሳሌ ብቻ ገባች። እኔ ግን ዛሬ ቃል በቃል ልውሰደው፤ ምክንያቱም የጾም አገር ድመት የገጠማትን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ አላገኘሁም።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይታቀባል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ በአዲስ አበባም በዚህ ወራት ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። በገጠር ጎተራ አጠገብ ያለች ድመት የጾሙን መግባት አታውቀውም፤ አይጡ አይጾምምና። አይጥ በሌለበት የከተማ ቤት የምትኖር ድመት ግን ከቤተሰቡ ጋር ትጾማለች፤ ሳህኗ ላይ የሚቀርበው እንጀራ በሽሮ ነው። ከፊል የከተማ ድመቶች እንግዲህ ሳያውቁት መንኩሰዋል።

ዓመሏን የማትረሳው ግን በግትርነት አይደለም። የድመት ሰውነት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን መሥራት አይችልም፤ ታውሪን ደግሞ በሥጋ፣ በተለይም በልብና በመሰል የውስጥ አካላት፣ በዓሣም ውስጥ ይገኛል እንጂ በጤፍም በሽምብራም ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ተመራማሪዎች የታውሪን እጥረት የድመትን የዓይን ብርሃን እንደሚያጠፋ አሳዩ፤ በ1987 ደግሞ የልብ ጡንቻዋን እንደሚያዳክም ታወቀ። ስለዚህ ድመት የምትመነኩሰው በተረት ብቻ ነው። የሰው ጾም የፈቃድ ሥርዓት ነው፤ ፈቃድ የሌለውን ፍጡር ማስጾም ግን የጾሙ ዓላማ ሆኖ አያውቅም።

ይህ የታውሪን ግኝት ለጥርስ ታሪክም ትልቅ ትርጉም አለው። ከ1932 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፖተንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ካሊፎርኒያ ውስጥ 900 ያህል ድመቶችን ተከታተለ። ጥሬ ሥጋ የበሉት ጥርሳቸውና መንጋጭላቸው ያማረ፣ የተቀቀለ ሥጋ የበሉት ደግሞ ጥርሳቸው የተዛባና ድዳቸው የታመመ ሆኖ አገኘው፤ ትውልድ እያለፈም ሁኔታው እየከፋ ሄደ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1946 በጥርስ ሕክምና መጽሔት አሳተመ። እስከ ዛሬ ብዙ ሰዎች ይህን ሥራ እየጠቀሱ የሰው ልጅም ጥሬ ምግብ እንዲበላ ይሰብካሉ። ነገር ግን በዚያን ዘመን ድመት ታውሪን እንደሚያስፈልጋት አልታወቀም ነበር፤ ምግብ ሲበስል ከሚጎድሉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ታውሪን ነው። የታየው ጉዳት እውነተኛ ነው፤ የተሰጠው ምክንያት ግን የዘመኑን እውቀት ወሰን ያሳያል። ከድመት ወደ ሰው መሻገሩም ቢሆን አያስኬድም፤ የሰው ሰውነት ታውሪንን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ይሠራልና።

ተቃራኒው ስሕተትም ተፈጽሟል። «ድመት ሥጋ በል ናት» ብለው ለግልገሎቻቸው ንጹሕ ቀይ ሥጋ ብቻ የመገቡ የከተማ ሰዎች አጥንታቸው የሚሰበር፣ መንጋጭላቸው የሚለሰልስ ድመቶች አሳደጉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጉዳዩ መጀመሪያ የዘር በሽታ ተደርጎ ቢታሰብም ምክንያቱ የካልሲየም እጥረት ሆኖ ተገኘ፤ አጥንት የሌለው ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሥጋ በል ማለት ሥጋ ብቻ በል ማለት አይደለም፤ እንስሳ በል ማለት ነው።

በስማችን የምትጠራው ድመት

ከምግብ ወጥተን ለጥቂት ጊዜ ወደ ዘር እንሂድ፤ የጥርስ ሰነድ በምግብ ብቻ አልተጻፈምና። በእንስሳት ጥርስ ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የድድ በሽታና የጥርስ መሟሟት ቀድሞ ከሚይዛቸው የድመት ዝርያዎች መካከል ሁልጊዜ የሚጠቀስ አንድ ስም አለ፤ እርሱም «አቢሲኒያዊት» የሚለው ነው። አገራችን በዓለም የድመት ጥርስ ጥናት ውስጥ በስም አለች ማለት ነው።

ስሙ ከየት መጣ? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ብራና፣ ዘውድና ጽዋ በ15 ዝሆኖችና በ200 በቅሎዎች ጭኖ ወደ ባሕር ወረደ። ከጦሩ ጋር አንዲት ድመትም ወደ እንግሊዝ እንደ ሄደች ይነገራል። ጎርደን ስቴብልስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው የድመቶች መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሏ አለ፤ ስሟ ዙላ ነው፤ ጦሩ የሰፈረበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም። ዛሬ በዓለም ያሉት የአቢሲኒያ ድመቶች ከዚህች ድመት ይወለዳሉ የሚል ማስረጃ ግን አይገኝም። የዘረ መል ጥናቶች ዝርያው በሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ካሉ ድመቶች ጋር እንደሚቀራረብ ያመለክታሉ፤ በኔዘርላንድ ላይደን ሙዚየም ውስጥ በ1830ዎቹ የተገዛ ተመሳሳይ መልክ ያለው ድመት ገላም የትውልድ አገሩ ሕንድ ተብሎ ተመዝግቧል። ዝርያው የተቀረጸው በእንግሊዝ የድመት ውድድሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ የድመት ሙሉ የዘር መዝገብ ረቂቅ ሲታተም የተመረጠችውም ሲናመን የተባለች የዚህ ዝርያ ድመት ነበረች።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። በጥቂት ወላጆች ላይ የተመሠረተ ዝርያ የጥርሱንም ድክመት ይወርሳል፤ ከአንድ ሳህን የሚበሉ ሁለት ድመቶች የአንዷ ድድ ሲደማ የሌላዋ ጤነኛ ሊሆን የሚችለው በዚህም ምክንያት ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዳይሆን፣ የዘርን ጥፋት ሁሉ በምግብ ላይ አንጫን።

ከጣሳ ወደ ከረጢት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የፈረስ ሥጋ በእንጨት ሰክተው ለድመት ባለቤቶች በየደጃፉ የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ሥራቸው ከእኛዎቹ ሳንባ ወርዋሪዎች ብዙ አይርቅም። በ1860 አካባቢ ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ በዚያው በለንደን የውሻ ብስኩት መሸጥ ጀመረ። በ1922 አሜሪካ ውስጥ የፈረስ ሥጋ በጣሳ ታሽጎ ለውሻ ቀረበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቆርቆሮ ለጦር መሣሪያ ሲፈለግ የጣሳው ምግብ ተገታና ደረቁ ምግብ ስፍራውን ያዘ። በ1950ዎቹ ደግሞ የቁርስ እህል ለመሥራት ያገለግል የነበረው ማሽን ለእንስሳት ምግብ ዋለ። ሊጡ በግፊትና በሙቀት በቀዳዳ ሲወጣ ይነፋል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። ይህ ሂደት ሊጡን የሚያያይዝ ስታርች ይፈልጋል። እህል ወደ ድመት ሳህን የገባው እንግዲህ ድመት ስለ ፈለገችው ሳይሆን ማሽኑ ስለ ፈለገው ነው።

ደረቅ ምግብ እየተሰበረ ጥርስን ያጸዳል የሚለው ሐሳብ አብሮ መጣ። ነገሩ በከፊል ይሠራል። ተራው ፍሬ ግን ድመቷ በጥርሷ ጫፍ ስትነካው ይፈረከሳል፤ ወደ ድዱ ጠርዝ፣ በሽታው ወደሚጀምርበት ስፍራ አይደርስም። ለጥርስ ተብለው የሚሠሩት ልዩ ምግቦች ፍሬያቸው ትልቅ ሲሆን ቃጫቸውም ጥርሱ ዘልቆ እስኪገባ ድረስ እንዳይፈረከስ የተደረገ ነው። የትኛው የተባለውን እንደሚሠራ ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1997 የእንስሳት አፍ ጤና ምክር ቤት በአሜሪካ ተቋቁሞ ማስረጃ ላቀረቡ ምርቶች ማኅተም መስጠት ጀመረ። ራሱ ምክር ቤቱ ማስፈለጉ፣ ደረቅ መሆን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ደሴቲቱ ምን ትላለች?

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን። የፋብሪካ ምግብ ቀምሰው የማያውቁ ድመቶች ጥርሳቸው ምን ይመስል ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1949 በደቡብ ህንድ ውቅያኖስ በምትገኘው የማሪዮን ደሴት የአየር ንብረት ጣቢያ አይጥ እንዲያጠፉ 5 ድመቶች ተወሰዱ። ድመቶቹ አይጡን ትተው የባሕር ወፎችን መብላት መረጡ፤ በ1970ዎቹ ቁጥራቸው በሺዎች ሆነ፤ በመጨረሻም በ1991 ከደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ ተወገዱ። የራስ ቅላቸው ግን ተጠብቆ ቆየ። በ1996 የ301 ድመቶች የራስ ቅል ምርመራ ውጤት ታተመ። ከ10 ድመቶች 6 ያህሉ ድዳቸውን የያዘው አጥንት በበሽታ ተጎድቶ ነበር፤ 14 በመቶ ያህሉ ደግሞ የጥርስ መሟሟት ምልክት ነበረባቸው። እነዚህ ድመቶች ሙሉ ወፍ ከነአጥንቱና ከነላባው ይበሉ ነበር፤ ሳህንም ከረጢትም አያውቁም።

በ1998 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ዱር የገቡ ድመቶችን በፋብሪካ ምግብ ከሚኖሩ የቤት ድመቶች ጋር አነጻጸረ። የዱሮቹ በጥርሳቸው ላይ የተጋገረው ድንጋይ ያነሰ ሆነ፤ የድድ በሽታው ግን ያን ያህል ልዩነት አልነበረውም። ማለትም አደን ጥርስን ያጸዳል፤ ድድን ግን ከበሽታ አያድንም።

የጥርስ መሟሟትስ? በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ በነበሩ ድመቶች አጽም ላይ ተገኝቷል፤ ስለዚህ የፋብሪካ ልጅ አይደለም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በፊት በተሰበሰቡ የራስ ቅሎች ላይ ግን ከዛሬው እጅግ አነስ ብሎ ይታያል። አንዳንድ ሊቃውንት በፋብሪካ ምግብ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ የቫይታሚን ዲ መጠን ጠርጥረዋል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። አንድ ነገር ግን መርሳት የለብንም፦ የዛሬ የቤት ድመት 15 ዓመት ትኖራለች፤ የማሪዮን ደሴት ድመት ያን ያህል ዕድሜ አልነበራትም። ዕድሜ ሲረዝም፣ ዕድሜ የሚያመጣው በሽታም አብሮ ይረዝማል። ሽማግሌዎችን የማያውቅ ዘመን የሽማግሌ በሽታንም አያውቅም።

ከቡልቡላ ሲታይ

ይህ ሁሉ እኔ ከምኖርበት ከቦሌ ቡልቡላ እንዴት ይታያል? አካባቢው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከእርሻ መሬት ወደ መኖሪያ ሰፈር የተለወጠ ነው። ጤፍና ስንዴ ይታጨድበት በነበረው ስፍራ ፎቆችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቆመዋል። ጎተራው ጠፋ፤ እህሉ በጆንያ ከወፍጮ ቤት ይመጣል፤ አይጡም በመርዝ ይሞታል። የገበሬው ድመት ሥራዋን አጣች፤ ሥራ ማጣት ማለት ለእሷ ቀለብ ማጣት ነው።

ዛሬ በአንድ የሰፈራችን መንገድ ላይ የተለያዩ ዘመናት ድመቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቅንጥብጣቢ የምትጠብቀው አለች፤ የለንደን የፈረስ ሥጋ ዘመን ድመት ናት። በፎቁ ውስጥ ከሱፐርማርኬት በተገዛ የውጭ ከረጢት የምትመገበው አለች፤ የ1950ዎቹ ማሽን ልጅ ናት። በጎረቤቷ ቤት ፍትፍት የሚቀርብላት፣ በጾም ወራት ሽሮ የምትለምደው አለች። በመሠረት ጉድጓዱ ዙሪያ አይጥ የምታሳድደው ደግሞ የጎተራው የመጨረሻ ወራሽ ናት፤ በመርዝ የሞተ አይጥ በልታ የምትሞተውም እርሷ ናት። ታሪክ በየተራ የሚያልፍ መስሎ ይታየናል፤ በእውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ተደራርቦ ይኖራል።

ለእነዚህ ድመቶች የሚጠቅመው ምንድን ነው? ከላይ ያየነው ማስረጃ የሚፈቅደውን ብቻ ልናገር። ፍትፍት ሆድ ይሞላል እንጂ ድመትን አያኖርም፤ በጾምም በፍስክም ሥጋ፣ ዓሣ ወይም የተሟላ የድመት ምግብ ያስፈልጋታል። ንጹሕ ሥጋ ብቻውን ለግልገል አይበቃም። ጥሬ ሳንባና ጉበት የጥገኛ ትል መተላለፊያ ስለሚሆን ቀቅሎ መስጠት ይሻላል፤ የበሰለ አጥንት ግን እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። ከምግብ ሁሉ በላይ ድድን የሚጠብቀው የጥርስ መቦረሽ ነው፤ ከግልገልነቷ ያልለመደች ድመት ግን አትፈቅድም። የአፏ ሽታ የከፋ፣ ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ ምግብ ቀርባ የምትሸሽ ድመት ጠግባ ወይም ኮርታ ላይሆን ይችላል፤ አሟት ይሆናል። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ይህም ከዱር ያመጣችው ሌላው ዓመሏ ነው። እንዲህ ያለችው ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለባት።

ውድ ተማሪዎቼ፣ የንግግሬ ማጠቃለያ ከድመቷ አልፎ ወደ ሙያችን ይመለሳል። ስለ ሰው ምግብም ሰዎች በሁለት ድምፅ ይናገራሉ፤ አንዱ «የአባቶቻችን ምግብ በሽታ አያውቅም ነበር» ይላል፤ ሌላው «አዲሱ ምርት ሁሉን ይፈውሳል» ይላል። በሁለቱም ላይ የምናቀርበው ጥያቄ አንድ መሆን አለበት፦ የራስ ቅሉ የት አለ? ማሪዮን ደሴት ላይ አንድ ሰው የራስ ቅሎችን ሰብስቦ ባያስቀምጥ ኖሮ የናፍቆቱ መልስ ዛሬም ያለ ተቃዋሚ ይቆም ነበር። በቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለን፤ በከተማችንም የቤት እንስሳት ክሊኒኮች እየበዙ ነው። የሚታከሙት ድመቶች ዕድሜ፣ የሚበሉት ምግብና የአፋቸው ሁኔታ በአንድ መስመር ቢጻፍ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣ የታሪክ ተማሪ ስለ ድመት ብቻ አያነብበትም፤ ይህች ከተማ ጎተራዋን ትታ ወደ ከረጢት ስትሸጋገር ማን ምን እንደ በላ፣ ማንስ ምን እንደ ቀረበት ያነብበታል። የታሪክና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ መነሻውም አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

አሁን ጥያቄያችሁንና አስተያየታችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።